ሶስት ለጋሾች ቀርተውናል፤ ማንን እንምረጥ?

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከዚሁ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አንቺ እያልኩሽ ነው፤ የድሬ ሰው ስለሆንሽ አትቀየሚኝም።

34 ዓመቴ ነው። ትዳር ከያዝኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ልጅ ግን የለንም። ቁልቢ ገብርኤል ሄጄ ያልተሳልኩበት ዓመት የለም። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ ተመረመረ። ስፐርም የሚባል ነገር አልተገኘም። ደገሙት፣ ያው ሆነ። በ17 ዓመቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት ወደ ታች ወርዶበት እንደነበር የነገረኝ ያኔ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሄደን ከዘር ፍሬው ናሙና ተወሰደ። እዚያም የለም። በለጋሽ ዘር እዚህ ሀገር እንደማይሰራ ሐኪሙ ነገረን።

እህቴ የምትኖረው ስዊድን፣ ማልሞ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ኮፐንሃገን ውስጥ ክሊኒክ አግኝታልናለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ እየተደዋወልን ከዘር ባንኩ ዝርዝር ላይ ስንመርጥ ከረምን። አሁን ሶስት ሰው ቀርቶናል። ስማቸው ስለማይጻፍ እኛው ስም አወጣንላቸው።

ረጅሙ 1 ሜትር ከ91 ነው። ኢንጂነር ነው። የደም ዓይነቱ እንደ ባለቤቴ ኦ ነው፤ እኔ ኤ ነኝ። ማንነቱ ግን መቼም አይገለጽም። ዶክተሩ ሕክምና ተማሪ ነው። ወላጆቹ ከምሥራቅ አፍሪካ ናቸው፣ መልኩ ባለቤቴን ይመስላል። አባቱ በ46 ዓመቱ በልብ ሞቷል ይላል ወረቀቱ። ባለ ሾርባው አናጺ ነው፣ ክልስ ነው፣ ደሙ ቢ ነው። በድምፅ ቅጂው ላይ አያቱ ስለምትሰራው ሾርባ ያወራል። ግን የመስማት ችግር የሚያመጣ ዘረ መል ተሸካሚ ነው ይላል። ዶክተሩም ባለ ሾርባውም ልጁ 18 ሲሞላው ማንነታቸው ይነገረዋል። እህቴ ‹አናጺ፣ በዚያ ላይ በሽታ ያለበት፣ ይውጣ› ብላለች።

ባለቤቴ ‹ምረጡና ንገሩኝ› ብሎ ትቶልናል። መጀመሪያ ‹ታናሽ ወንድሜ ቢሰጠንስ፣ ደሙ ደሜ ነው› ብሎ ነበር። ከወንድሙና ከሚስቱ ጋር አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ ፈራሁ። አንድ ቅዳሜ የባለ ሾርባውን ድምፅ ስሰማ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ‹ይሄ እንኳን ሰው ሰው ይሸታል› አለና ወደ ግቢ ወጣ። አማቴ ምንም አታውቅም። የኔ እናት ስኳር አለባት፣ አባቴ በ52 ዓመቱ በድንገት በልብ ነው የሞተው። ሲስተር፣ ማንን እንምረጥ? ልጁ ባለቤቴን ባይመስል ሰው ምን ይላል?»

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ወደዚህ ዓምድ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ልጅ የናፈቃት ሴት የሌላ ሰው ሕፃን ስታቅፍ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ስለዚህ በጥንቃቄ ነው የምመልስልሽ።

መልሴን ግን አላንጠለጥልብሽም። ረጅሙን አውጪው። ዶክተሩን የምታቆዪው የአባቱ የልብ ነገር ከተጣራ ብቻ ነው። ባለ ሾርባውን እህትሽ በችኮላ ነው የጣለችው። እኔ ብሆን መጨረሻ ላይ የማስቀረው እሱን ነው። አንድ ምርመራ አድርገሽ ውጤቱ ደህና ከሆነ ማለቴ ነው።

ለምን መሰለሽ? እናንተ ዝርዝሩን የያዛችሁት ሙሽራ እንደሚመርጥ ሰው ነው። ቁመቱ ስንት ነው፣ ሥራው ምንድን ነው፣ መልኩስ? ለልጃችሁ ባል ብትፈልጉ ልክ ነበራችሁ። ይህ ሰው ግን ቤታችሁ አይገባም፣ ደመወዙንም አያመጣም። ከእሱ የምትወስዱት ሁለት ነገር ነው። አንዱ በደም የሚወረሰው ነው። ሌላው ታሪኩ ነው። ልጃችሁ አንድ ቀን «እኔ ከማን ነው የመጣሁት?» ይላችኋል። ያን ቀን ሳታፍሩ፣ ሳትዋሹ፣ ቁጭ ብላችሁ ልታወሩለት የምትችሉትን ሰው ምረጡ። ሶስቱንም የለካኋቸው በዚህ ነው።

ከረጅሙ ልጀምር። ዴንማርክ ማንነቱ የማይገለጽ ለጋሽንም፣ የሚገለጽ ለጋሽንም ትፈቅዳለች። እህትሽ የምትኖርባት ስዊድን ግን እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም የመጀመሪያውን ሕግ አውጥታ ድብቅ ልገሳን አስቀርታለች። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ እንዲሁ አድርጋለች። ይህን ያደረጉት በለጋሽ ዘር የተወለደ ልጅ አድጎ «የማን ነኝ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው ብለው ነው። ማንነቱ የማይገለጽ ሰው ስትመርጪ፣ ገና ያልተወለደው ልጅሽ ሊጠይቅ የሚችለውን ጥያቄ አሁን ዘጋሽበት ማለት ነው። እሱን ማንም አላስፈቀደውም።

ደግሞ ድብቅ የሚባለውም ድብቅ መሆኑ ቀርቷል። ዛሬ ውጭ ሀገር ያለ ሰው ምራቁን በትንሽ ቱቦ ልኮ የዘር ምርመራ ያሠራል። ከሳምንታት በኋላ የአጎት ልጅ፣ ግማሽ ወንድም፣ ምን የማይወጣ አለ። የእህትሽ ልጆች እዚያው ነው የሚያድጉት። ልጅሽም አንድ ቀን እዚያ ይሄድ ይሆናል። ቤት ውስጥ ያልተነገረውን ነገር ከስልክ ላይ ሲያነበው አስቢው።

ረጅሙን የወደዳችሁት ግማሹ ለደሙ ነው። አባት ኦ እናት ኤ ከሆኑ ልጅ ቢ ወይም ኤቢ ሊሆን አይችልም። ይህን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በባዮሎጂ ይማረዋል። ባለ ሾርባው ቢ ስለሆነ ልጁ ቢ ሊሆን ይችላል፣ ምስጢሩም በደብተር ሊወጣ ይችላል ብላችሁ ፈርታችኋል። እውነት ነው፣ ይወጣል። ግን ልጁ ቀድሞ ካወቀው የሚወጣ ነገር የለም።

አንድ ፍርሃት ልቀንስልሽ። «ማንነቱ ይገለጻል» ማለት ሰውዬው ሳቢያን መጥቶ በር ያንኳኳል ማለት አይደለም። ልጁ 18 ሲሞላው፣ ከፈለገ፣ ራሱ ጠይቆ ያገኛል። ካልፈለገ ይቀራል። በሕጋዊ ክሊኒክ በኩል ዘሩን የሰጠ ሰው በዴንማርክ ሕግ አባት አይደለም። ልጅ አይወስድም፣ ቀለብም አይጠየቅም። እዚህም ብትመጪ ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የሚሠራባት የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በትዳር ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ይላል። ያም ሆኖ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጠበቃ አማክሩ። ክሊኒኩ ሁለታችሁንም ያስፈርማችኋል፤ የፈረማችሁበትን ወረቀት ቅጂ ከጋብቻ ሰርተፊኬታችሁ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት።

ወደ ዶክተሩ ልምጣ። ባለቤትሽን ስለሚመስል ልብሽ ወደ እሱ እንዳደላ ገብቶኛል። ቢሆንም ወረቀቱ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ታሳስበኛለች። አባቱ በ46 ዓመቱ በልብ ሞቷል። ያንቺም አባት በ52። አንዳንድ የልብ በሽታ በዘር ይወረሳል። በወጣትነት የሚገድል የልብ ጡንቻ መወፈር አለ። ከልክ ያለፈ ኮሌስትሮል በቤተሰብ የሚሄድበት ጊዜም አለ። የዶክተሩ አባት ምን ዓይነት ልብ ነበረበት? ራሱ ልጅየው ልቡን ታይቷል? ያንቺስ አባት በምን እንደሞተ የተጻፈ ነገር አለ? ባንኩ የዘር አማካሪ ባለሙያ አለው፤ በኢሜይል ይጠየቃል። አጥጋቢ መልስ ከመጣ ይቆይ። «አናውቅም» ካሉ ተዪው።

አንድ ነገር አስቢበት። የለጋሽ የቤተሰብ ታሪክ ለጋሹ ራሱ የሚናገረው ነው። አያቱ በምን እንደሞተች የማያውቅ የ22 ዓመት ልጅ ብዙ ነው። ስለዚህ «ምንም በሽታ የለም» የሚል ንጹሕ ወረቀት ሁልጊዜ ጤነኛ ቤተሰብ ማለት አይደለም። የማያውቅ ቤተሰብም ሊሆን ይችላል። አንቺ ማድረግ የምትችዪው ቀላል ነው። አንድ ወረቀት ውሰጂ። በአንድ በኩል የወገንሽን በሽታ ጻፊ፦ የእናትሽን ስኳር፣ የአባትሽን ልብ፣ አክስትም አያትም ካለች ጨምሪ። በሌላው በኩል የለጋሹን። በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ነገር ሲገጥምሽ እዚያ ላይ ቁሚ። ማንም ሰው ዘሩ ከበሽታ ሁሉ የጸዳ አይደለም፤ የሚሸሸው አንዱ በአንዱ ላይ መደራረቡ ነው።

አሁን ባለ ሾርባው። ተሸካሚ ማለት በሽተኛ ማለት አይደለም። ሰውዬው ጆሮው ይሰማል። እያንዳንዱ ዘረ መል በጥንድ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። የሱ አንዱ ጎደሎ ነው፣ ሌላው ሥራውን ይሠራል። ልጅ በዚህ በሽታ የሚያዘው ከሁለቱም ወገን ጎደሎውን ሲወርስ ነው። አንቺም ያንኑ ከተሸከምሽ፣ እያንዳንዱ እርግዝና ላይ ከአራት አንድ ዕድል አለ። አንቺ ካልተሸከምሽ ግን ልጁ ቢበዛ እንደ እሱ ተሸካሚ ይሆናል፣ ይሰማልም። እኔም አንቺም እህትሽም የሆነ ነገር ተሸካሚዎች ነን፤ ተመርምረን ስለማናውቅ ነው እንጂ። እንዲያውም ባለ ሾርባው ወረቀቱ ላይ ይህ የተጻፈው በደንብ ስለተመረመረ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ያንቺ ምርመራ ነው። ያንን ዘረ መል ለይቶ የሚያይ። ናሙናሽ እንዴት እንደሚላክ ክሊኒኩን በእህትሽ በኩል ጠይቂ። ካለብሽ ባለ ሾርባውን ያለ ጸጸት ተዪው። ከሌለብሽ እህትሽ ያነሳችው ምክንያት ወደቀ።

አናጺነቱንማ እንዴት አድርጌ እሰማዋለሁ? ዲግሪ በዘር አይወረስም። የሕክምና ትምህርት ቤት መግባት በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ አይቀመጥም። ደግሞ ክርስቲያን ቤት ውስጥ አናጺ ተብሎ ይናቃል? ጌታን ያሳደገው ጻድቁ ዮሴፍ ምን ሠራተኛ ነበር? ከሥጋው ያልወጣውን ልጅ ይዞ ግብፅ ድረስ የተሰደደ ሰው ነው። ይህን ባለቤትሽ ቢሰማው ደስ ይለኛል።

እህትሽ ላይ አልፈርድም። ሥራዋን ትታ፣ ቋንቋውን ተርጉማ፣ ለናንተ እየሮጠች ነው። ግን ልጁን የምታሳድገው እሷ አይደለችም።

የወንድሙን ነገር በአጭሩ ልመልስ። የባለቤትሽ ሐሳብ መጥፎ አልነበረም፤ ከቤተሰብ ዘር ሳይወጣ ልጅ የማግኘት ምኞት ነው። አንዳንድ ሀገር ወንድም ለወንድም ይሰጣል፣ ተመርምሮ፣ በአማካሪ ፊት፣ በፊርማ። እናንተ ግን አንድ ግቢ ውስጥ ናችሁ። ልጁ ባጠፋ ቁጥር አጎትየው ሊቆጣ ሲነሳ የሁላችሁም ዓይን ወዴት ይሄዳል? የወንድሙ ሚስትስ? ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ሌላም ልጨምር፤ ለሌሎች አንባቢዎችም ይሆናል። ያልተመረመረ ዘር በቤት ውስጥ በስሪንጅ እንሞክር የሚል ሐሳብ እሰማለሁ። እባካችሁ አታድርጉት። ባንኮች ለጋሹን ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረምራሉ። ብዙዎቹ ዘሩን ለወራት በበረዶ አቆይተው ሰውየውን ደግመው ከመረመሩ በኋላ ነው የሚያወጡት። አንድ ጊዜ የተመረመረ ሰው ትናንት የያዘውን በሽታ ምርመራው ላያሳይ ስለሚችል ነው።

ባንክ ራሱ ሁሉን ያውቃል ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 አውሮፓን ያስደነገጠ ነገር ወጥቷል። ራሱ ጤነኛ የሆነ አንድ ለጋሽ ከዘሩ ከፊሉ ውስጥ ቲፒ 53 የሚባል ዘረ መል ጉድለት ነበረበት። ይህ ጉድለት የተላለፈበት ልጅ በካንሰር የመያዝ ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው። ከዚህ ሰው ዘር በብዙ ሀገሮች ቢያንስ 197 ልጆች መወለዳቸው ተነግሯል። በተለመደው ምርመራ የሚታይ ጉድለት አልነበረም። ጥያቄው ግን እንዴት አንድ ሰው ይህን ያህል ልጅ ወለደ የሚለው ነው። ዴንማርክ በአንድ ለጋሽ 12 ቤተሰብ፣ እንግሊዝ 10 ቤተሰብ ብለው ገድበዋል። ግን ገደቡ በየሀገሩ ነው። ባንኩ ወደ ስንት ሀገር እንደሚልክ የሚገድበው ዓለም አቀፍ ሕግ የለም። ስለዚህ ለባለ ሾርባውም ቢሆን ይህን ጠይቂ፦ በዓለም ደረጃ ስንት ቤተሰብ ይፈቀድለታል? እስካሁን ስንት ልጅ ተወልዷል? አንዱ ልጅ ቢታመም ለእኛ ይነገረናል? ልጅ ስትወልጂ ለባንኩ ማሳወቅ አትርሺ። የማያውቁሽን እናት ሊያስጠነቅቁሽ አይችሉም።

አሁን ስለ አንቺ። ሶስት ሰው በአጉሊ መነጽር ስታዪ ከርመሻል፤ ራስሽን ግን አላየሽም። ለጋሽ ከመግዛትሽ በፊት የማህፀን ቱቦዎችሽ ክፍት መሆናቸውን እወቂ። ይህን የሚያሳየው ኤችኤስጂ የሚባለው የማህፀን ራጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ችግሩ የእሱ ብቻ ነው ተብሎ ያንቺ ቱቦ ተዘግቶ ቢገኝ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ለከንቱ ነው። የደም ዓይነትሽ ከፊቱ ያለውን ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ እይው። ኔጌቲቭ ከሆንሽ ፖዘቲቭ ለጋሽ አይከለከልም፤ ግን በእርግዝና ጊዜ የምትወጊው መርፌ አለና ሐኪምሽ ይወቀው። ሲኤምቪ የሚባል ቫይረስም አለ። በእኛ አካባቢ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ይዞት ሳያውቀው ያልፋል። አንቺንም ይዞሽ ካለፈ ዝርዝሩ ላይ ያለው የሲኤምቪ ምልክት ብዙ አያስጨንቅሽ። ካልያዘሽ ግን ያልያዘውን ለጋሽ መምረጥ ይሻላል። ፎሊክ አሲድ ከዛሬ ጀምሪ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፤ ልጅ ከመፀነሱ በፊት ነው የሚጠቅመው።

ቁጥርም አለ። ዘሩን በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ በማስገባት በአንድ ዙር የመፀነስ ዕድል ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ነው፤ በዕድሜ ይለያያል። አንድ ጊዜ ሞክሮ የሚሳካለት ጥቂት ነው። የአውሮፓ ሕብረት ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለእኛ ሀገር ሰው የሸንገን ቪዛ አጥብቋል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀርቷል፣ ማመልከቻውም እስከ 45 ቀን ይቆያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ስትሄዱ 90 ቀኑን ጠይቁ። 28 ቀን የሚቆጥር አካል ከሆነ ያንቺ፣ ሶስት ዙር ይገባበታል። ለሶስት ዙር የሚበቃ ብልቃጥ ከአንዱ ለጋሽ ቀድማችሁ ያዙ። ጥቁርና ክልስ ለጋሾች በዝርዝሩ ላይ ጥቂት ናቸው፣ ቶሎ ያልቃሉ። ከቻላችሁ ለሁለተኛ ልጅ የሚሆንም አስቀምጡ። ስትገዙ ለማህፀን የተዘጋጀ፣ የታጠበ መሆኑን አረጋግጡ። ያልታጠበ ዘር በቀጥታ ማህፀን ውስጥ አይገባም፤ ከባድ ቁርጠት ያመጣል። በአንድ ብልቃጥ ስንት የሚንቀሳቀስ ስፐርም እንደሚያስፈልግ ክሊኒኩ ይንገራችሁ። ትልቁን ቁጥር በከፍተኛ ዋጋ መግዛት ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን አንብቢለት። ጆሮ ደግፍ ከጉርምስና በኋላ ሲይዝ ወደ ዘር ፍሬ ሊወርድ ይችላል። ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ ይነካል። አንተን ሁለቱንም ነካህ። ጥፋት አልሠራህም። ስፐርም አለመኖር ወንድነት ማጣት አይደለም። ሁለቱ በእኛ ሀገር ስለሚምታቱ ነው ስንት ወንድ ሳይመረመር ሚስቱን መካን የሚያስብላት። አንተ ተመርምረህ ውጤቱን ለሚስትህ ነገርካት።

እህቴ፣ «ምረጡና ንገሩኝ» ያለው ደንታ ስለሌለው አይደለም። ሰውዬው ከኋላሽ ቆሞ ነበር። የማያገባው ሰው ቆሞ አይሰማም። ከሶስቱ አንዱን «ሰው ሰው ይሸታል» ብሎ ለየ። በስንት ቅዳሜ ያልደረሳችሁበትን እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር መረጠ። እናንተ ግን ስለ ቁመት እያወራችሁ አላደመጣችሁትም። ለእሱ ይህ ዝርዝር ምን እንደሆነ አስቢው። እያንዳንዱ ገጽ «አንተ የሌለህን እኔ አለኝ» የሚለው ሰው ነው። ይህን ከእህትሽ ጋር ሳቅ እየተሳሳቃችሁ ስታዩት ግቢ መውጣቱ አይገርምም።

መልክን በተመለከተ፣ እህቴ፣ ድሬዳዋ ነው ያለሽው። ይህች ከተማ በባቡር የመጣች ከተማ ናት። ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ ሐረሪ፣ አማራ፣ ጉራጌ፣ ዐረብ፣ ግሪክ፣ አርመን፣ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ ያልተጋባባት ማን አለ? ከዚራ ላይ ቆመሽ ከትምህርት ቤት የሚወጡትን ልጆች እያቸው። አንድ ቤት ውስጥ ጠይምም ቀይም ጥቁርም ይወለዳል። «አያቱን ነው የመሰለ» ተብሎ ያልፋል። ሰው ያወራል፣ አላታልልሽም። ግን የድሬ ሰው የሚያወራው ጫቱ እስኪያልቅ ነው። አንድ ልጅ አባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ገበያ ሲሄድ ያየ ሰው ሁለተኛ አያወራም።

አማትሽን ለጊዜው ተዪያት። መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ልጁ ነው፣ እሱም ገና በሕፃንነቱ፣ እንደ ተረት። «እኔና አባትህ ልጅ ፈለግን፣ አልሆነልንም፣ አንድ ደግ ሰው ረዳን» ብሎ መጀመር ይበቃል። ባለሙያዎች የሚመክሩትም በትንሽነት መንገርን ነው። እኛ ይህን ልማድ ከውጭ አንበደርም። ጉዲፈቻ የዚህ ሀገር ቃል ነው፤ ከኦሮምኛ ነው ያገኘነው። የጡት ልጅም እናውቃለን። ከሌላ የመጣን ልጅ «የኔ ነው» ብሎ በአደባባይ መቀበል አያቶቻችን ያደርጉት ነበር፤ ያደረጉትም በግልጽ ነው።

የሃይማኖቱን ነገር ለንስሐ አባትሽ ትቻለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ብትነግሯቸው ጥሩ ነው። ሙስሊም አንባቢዎቼም ይህን ያያሉ። የግብፅ ዋና ሙፍቲ እ.ኤ.አ. በ1980 በሰጡት ብያኔ በባልና ሚስት መካከል የሚደረገውን ሕክምና ፈቅደው የሦስተኛ ወገን ዘርን ከልክለዋል። ስለዚህ ይህ መልስ ለሁሉም ቤት አይሆንም።

ለመጪው ቅዳሜ የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለ። ለእህትሽ ከመደወልሽ በፊት ቡና አፍዪ። ስልኩን ለባለቤትሽ ስጪው። የባለ ሾርባውን ድምፅ እሱ ራሱ ይክፈተው፣ አንቺ ዝም በዪ። ምን እንዳለ፣ የምርመራሽ ውጤትም ሲመጣ፣ ጻፊልኝ።